ክሬንና ነፋስ፦ ከጎንደር ሳይቶች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማራኪ አካባቢ በሞባይል ክሬን የፎርምወርክ ፓኔል (ኮንክሪት የሚሞላበት የቅርጽ ሰሌዳ) እናነሳለን። ሎድ ቻርቱ (ክሬኑ ምን ያህል ማንሳት እንደሚችል የሚያሳየው ሰንጠረዥ) እስከ 9 ሜትር በሰከንድ ነፋስ ይፈቅዳል፣ ፓኔሉም 2 ቶን ብቻ ነው። ምን ያሰጋል?

መልስ፦ የሚያሰጋው ስፋቱ ነው። ብዙ ሎድ ቻርቶች የነፋሱን ገደብ የሚያወጡት ለእያንዳንዱ ቶን 1.2 ካሬ ሜትር ገጽ ለነፋስ ይጋለጣል ብለው ነው። ፓኔላችሁ 10 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ጠፍጣፋ ስለሆነ በ1.2 አባዙት (ይሄኛው 1.2 የቅርጹ ቁጥር ነው)፤ 12 ይሆናል። አሁን የሎድ ቻርቱን 1.2 በ2 ቶን አባዝታችሁ ለ12 አካፍሉ፤ 0.2። ስኩዌር ሩቱ 0.45 ገደማ ነው፣ በ9 ሲባዛ 4 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። ገደባችሁ ይሄ ነው። በ9 ብታነሱት በጎንደር ስስ አየር እንኳ ወደ 50 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይገፋል፤ ነፋሱ መጣ ሄድ ሲል ፓኔሉ ይወዛወዝና ገመድ የያዙትን ልጆች ይጎትታል። ከክሬኑ ኋላ ከነፈሰ ጭነቱ ወደ ውጭ ይሸሻል፣ ራዲየሱ (ከክሬኑ መሃል እስከ ጭነቱ ያለው ርቀት) ይረዝማል። ከጎን ከመታው ደግሞ ቡሙ (የክሬኑ ረጅም ክንድ) ይጣመማል፤ ጋቢና ውስጥ ያለው የጭነት መቆጣጠሪያ ይህን የጎን ግፊት አያነበውም። ለዚህ ነው መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ቡም የሚሰበረው።

ጥያቄ፦ አየሩ ስስ ከሆነ ገደቡን ከፍ ብናደርገውስ?

መልስ፦ በፍጹም። በ2,100 ሜትር ከፍታ የነፋሱ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ቢቀንስም የማኑዋሉ ቁጥር አይነካም።

ጥያቄ፦ የስልክ ትንበያ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። የነፋስ መለኪያው ቡሙ ጫፍ ላይ ይሁን፤ መሬት ላይ ጸጥ ብሎ 40 ሜትር ላይ ሊያይል ይችላል። አማካዩን ትታችሁ ድንገተኛውን ንፋስ ተመልከቱ፦ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲጠቁር ቀዝቃዛው ነፋስ ከዝናቡ ቀድሞ ይደርሳል። ያኔ አዲስ ጭነት አትጀምሩ፣ የተንጠለጠለውን አውርዱ።

ጥያቄ፦ አዘዞ ያለው ታወር ክሬናችን ማታ እንዳይዞር ብሬኩን እንቆልፋለን። ልክ ነን?

መልስ፦ ልክ አይደላችሁም። የመዞሪያው ብሬክ ይለቀቅ፣ ክንዱ ነፋሱን ተከትሎ ዙሪያውን በነጻ ይዙር። ከተቆለፈ ክንዱ ሙሉ ጎኑን ለነፋስ ይሰጣል፣ ማማውም ሊወድቅ ይችላል። መንጠቆው ባዶ ሆኖ ወደ ላይ ይሰብሰብ፣ ትሮሊው (መንጠቆውን ይዞ ክንዱ ላይ የሚመላለሰው ጋሪ) ማኑዋሉ ያዘዘበት ቦታ ይቁም። ለጥምቀት ክንዱ ላይ ትልቅ ባነር መስቀል የሚወዱ አሉ፤ ባነሩ እንደ ሸራ ነፋስ ስለሚይዝ ክንዱ በትክክል እንዳይዞር ያደርገዋል። አምራቹ ካልፈቀደ ዛሬውኑ አውርዱት።