መልስ፦ የተርሚናሉን ጩኸት ስለማጥፋት

ሰላም ወንድሜ። ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ላይ ሌሊት ስትሠራ ታብ በነካህ ቁጥር ተርሚናሉ፣ ማለት ትእዛዝ የምትጽፍበት መስኮት፣ እየጮኸ ልጅ ይቀሰቅስብኛል ነው ያልከው። ይገባኛል፣ ሌሊት ላይ ያቺ ድምፅ በጣም ትጎላለች።

የምትጠቀመው የጂኖም ተርሚናል የሚባለው ፕሮግራም ከሆነ ቀላል ነው። ፕሪፈረንስስ ግባ፣ ፕሮፋይልህን (የተርሚናሉን የቅንብር ስብስብ) ምረጥ፣ ቴክስት በሚለው ገጽ ላይ «ተርሚናል ቤል» ፊት ያለውን ምልክት አንሳ። ሌላ ፕሮፋይል ካለህ እሱንም ለብቻው ማጥፋት አለብህ።

እኔ ግን ከምንጩ ማጥፋቱን እመርጣለሁ። ታብ ስትነካ የጀመርከውን ቃል የሚያሟላው ምርጫ ከአንድ በላይ ከሆነ፣ ወይም ባዶ መስመር ላይ ባክስፔስ ስትነካ ባሽ፣ ማለት ተርሚናሉ ውስጥ ትእዛዝህን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ቤል (ደወል) የሚባለውን ምልክት ይልካል። በአስኪ፣ ማለት በፊደላትና በምልክቶች የኮድ ሰንጠረዥ፣ ቁጥሩ 7 ነው፤ ድሮ ቴሌታይፕ በሚባለው የርቀት መጻፊያ ማሽን ላይ የእውነት ደወል ነበር የሚመታው። ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ኢንፑትአርሲ የሚባል ፋይል (/etc/inputrc) አለ፣ በሱዶ (sudo)፣ ማለት በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ክፈተው። «ሴት ቤል-ስታይል ነን» (set bell-style none) የሚለው መስመር እዚያው ተጽፎ ታገኘዋለህ። እንዳይሠራ ያገደችው ፊቱ ላይ ያለችው የሃሽ ምልክት (#) ናት። እሷን አጥፋና ሴቭ አድርግ። «ቪዚብል» (visible) የሚለውን መስመር አትንካ። ከዚያ ተርሚናሉን ዘግተህ ክፈት።

በኤስኤስኤች (SSH) ከርቀት የምትገባበት ሰርቨር ካለ የራሱ ፋይል ስላለው እዚያም ድገመው። ካልሠራልህ የትኛውን ተርሚናል እንደምትጠቀም ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።