ስፕሬይ ሲነፉበት ብቻ የሚነሳ የድሮ የበረዶ ሞተር

«ጋሼ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተሠራ ባለሁለት ሲሊንደር የበረዶ ሞተር (ስኖውሞቢል) ገዛሁ። ሃያ ዓመት ሳይነካ ቆሟል ብለውኛል። አዲስ ካንዴላ አሰርኩለት፤ አዲስ ቤንዚን ከዘይት ጋር ቀላቅዬ ሞላሁ። ገመዱን ስቤ ስቤ ትከሻዬ ቢላቀቅም እምቢ አለ። በካርቡሬተሩ አፍ ማስነሻ ስፕሬይ ስነፋበት ግን ሦስት ሰከንድ ያህል ጮኾ ይጠፋል። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያንን ስፕሬይ ከእጅህ አስቀምጥ። ባለሁለት ምት ሞተር እንደ መኪና ከሥሩ የዘይት ቋት የለውም፤ የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅላ በምትገባው ዘይት ብቻ ነው። ስፕሬዩ ውስጥ ያቺ ዘይት የለችም። እንዲያውም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የቀረችውን አጥቦ ይወስዳል። ሦስት ሰከንድ ጮኸ ያልከው ሞተር ሦስት ሰከንድ በደረቁ ዞሯል ማለት ነው። መሞከር ካስፈለገህ ካንዴላዎቹን ነቅለህ ከቀላቀልከው ቤንዚን ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል በየሲሊንደሩ ጨምርና መልሰህ እሰር።

ጥፋት ቢሆንም ሙከራህ አንድ ነገር ነግሮናል፦ እሳት አለ፣ ለመነሳት የሚበቃ ግፊትም አለ። የጎደለው ቤንዚን ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ገመዱን ከመሳብህ አስቀድሞ መደረግ የነበረበትን አሁን አድርግ። ካንዴላዎቹን ንቀልና በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት አፍስሰህ አሳድር። በማግስቱ ሞተሩን በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙረው። አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ የክራንኩ (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ኩሽኔታዎች ዝገዋልና እዚያው አቁም፤ ሳይከፈት አይነዳም። በተጨማሪም የማቀዝቀዣውን ነፋስ የሚመራውን ቆርቆሮ ፈተህ ውስጡን እይ። አይጥ ለጎጆ ከዚህ የተሻለ ቦታ አታገኝም፤ እኔ ራሴ ከአንዱ ሞተር የማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል ሁለት እፍኝ የሶፋ ጥጥ አውጥቻለሁ። ነፋስ ያጣ ሲሊንደር ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይነድዳል።

ኮምፕሬሽኑንም (ፒስቶኑ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጥረውን ግፊት) ለካ። ሁለቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ የነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ መለኪያው መውጣት እስኪያቆም ገመዱን ትስባለህ። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሞተሮች 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ጤና ነው፤ ከ100 በታች ከሆነ የፒስቶን ቀለበቶቹ ደክመዋል። ከቁጥሩ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ልዩነቱ ነው፤ አንዱ ሲሊንደር ከሌላው ከአሥር በመቶ በላይ ካነሰ ምክንያቱን ሳታገኝ አትለፈው።

አሁን ወደ ቤንዚኑ። ሰልባትዮውን አራግፈህ እጠብ፤ አሮጌ ቤንዚን ከሥሩ እንደ ቫርኒሽ ይጣበቃል። ቱቦዎቹን አትመርምር፣ ቀይር። ሃያ ዓመት የደረቀ ቱቦ ቤንዚን ባያፈስ እንኳ አየር ይስባል። ከሞተሩ ሆድ ወደ ነዳጅ ፓምፑ የምትሄደውን አጭር ቱቦ እንዳትረሳት፤ ፒስቶኑ ሲወጣና ሲወርድ የሚፈጠረው ግፊት በእሷ አልፎ ነው ፓምፑን የሚያሠራው። እሷ ከተሰነጠቀች የቀረው ሁሉ አዲስ ቢሆን ቤንዚን አይመጣም።

የዚያን ዘመን ብዙዎቹ ካርቡሬተሮች፣ ለምሳሌ ቲሎትሰን፣ ተንሳፋፊ ኳስ የላቸውም፤ ቤንዚኑን የሚመጥነው ዲያፍራም የሚባል ቀጭን ተጣጣፊ ሽፋን ነው። ጤነኛው እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል፤ የቆየው ግን እንደ ደረቀ ቆዳ ይንኳኳል። በጥርጣሬ የምገምተው አይደለም፤ ያንተ ደርቋል። የጥገና ኪቱን ግዛ፤ ጓርኒሲዮኖቹ (በክፍሎቹ መጋጠሚያ የሚገቡት ማሸጊያዎች)፣ ዲያፍራሞቹና መርፌው አብረው ይመጣሉ። ስትፈታ በየደረጃው ፎቶ አንሳ፤ የጓርኒሲዮኑና የዲያፍራሙ ቅደም ተከተል ከተምታታ አይሠራም። ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን በታመቀ አየር እንጂ በሽቦ አትጎርጉር። የማስተካከያ ብሎኖቹን ሳታጠብቅ እስኪነኩ ዝጋና አንድ ሙሉ ዙር ያህል መልሰህ ክፈት፤ ለመነሻ ይበቃል።

መለዋወጫ ስትፈልግ በኮፈኑ ላይ የተጻፈው ስም አያሳስትህ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የበረዶ ሞተር ሠሪዎች ብዙ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ሞተሮቻቸው ግን ከጥቂት ፋብሪካዎች የመጡ ናቸው፦ ሮታክስ፣ ዛክስ፣ ኮህለር፣ ካዋሳኪ። በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ስምና ቁጥር ይዘህ ፈልግ።

ከሁሉም የምፈራልህ ግን ይህን ጨርሰህ ሞተሩ ሲነሳልህ ነው። በክራንኩ ሁለት ጫፎች፣ አንዱ ከቮላኖው (ከክራንኩ ጋር ከሚዞረው ከባድ የብረት ክብ) ኋላ፣ ሌላው በቺንጋው በኩል፣ ዘይት መከላከያ ጎሚኒዎች አሉ። ቁጭ ብለው ይደርቃሉ። ሲደርቁ ሞተሩ በጎን አየር ይስባል፤ ድብልቁ ይሳሳል፤ ፒስቶኑ ይቀልጣል። በወጣትነቴ አንዱን አስነስቼ በደስታ በሙሉ ኃይል ነዳሁት። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ፒስቶኑ ላይ ቀዳዳ ተከፈተ። ያዳንኩት ሞተር ነበር፤ የገደልኩትም እኔ ነኝ።

ስለዚህ ካርቡሬተሩን ከማሰርህ በፊት የመግቢያና የጭስ መውጫ በሮቹን ዝጋ፣ ካንዴላዎቹን እሰርና በትንሽ የእጅ ፓምፕ 6 ፒኤስአይ ያህል አየር ሙላ። መለኪያው ከቦታው ካልተነቃነቀ ጥሩ ነው። በደቂቃ ከአንድ ፒኤስአይ በላይ ከወረደ የሳሙና ውሃ ቀባ፤ አረፋው ቦታውን ያሳይሃል። ቮላኖውን ፈተህ ጎሚኒውን ስትለውጥ የፑንቲናውን (ለካንዴላው እሳት ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን መገናኛ) ክፍተትም በዚያው አስተካክል፤ በብዙዎቹ ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊሜትር ነው።

ድብልቁን 40 ለ 1 አድርገው፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 25 ሚሊሊትር የባለሁለት ምት ዘይት። በኮፈኑ ላይ 20 ለ 1 የሚል ጽሑፍ ብታይ አይግረምህ፤ ለዚያ ዘመን ዘይት የተጻፈ ነው።

ለማስነሳት ደጅ አውጣው፤ ጭሱ በዝግ ቤት ይገድላል። የነዳጅ መስጫው ገመድ ሲለቀቅ ጠቅ ብሎ መመለሱን፣ ማጥፊያው መሥራቱን፣ ፍሬኑ መያዙን አስቀድመህ ፈትሽ። የኋላውን ክፍል ጠንካራ መቆሚያ ላይ አንሳና ማንም ከሰንሰለቱ ጎማ በስተኋላ አይቁም፤ የተበጠሰ ጎማ ወይም ድንጋይ እንደ ወንጭፍ ይወረወራል። ቺንጋው ሳይታሰር ደግሞ ሞተሩን አታስጩኸው።

ከተነሳ በኋላ ዙሩ ራሱን እየጨመረ ከሄደ፣ ወይም ነዳጁን ለቀኸው እየጮኸ ከቀረ፣ ወዲያው አጥፋ። በደህና ከሠራ ለጥቂት ቀናት በእርጋታ ንዳው። አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገህ ነድተህ እዚያው አጥፋና ካንዴላዎቹን ንቀል። ቡናማ ከሆኑ ጥሩ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆኑ ቤንዚን በዝቷልና የካርቡሬተሩን ማስተካከያ ብሎን ትንሽ ዝጋ። ነጭ ከሆኑ ብሎኑን ከመነካካትህ በፊት ወደ ጎሚኒዎቹ ተመለስ።