ሎግ ኢን ስንል ግንዱ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ባሕር ዳር ጣና ላይ በጀልባ የምሠራ አስጎብኚ ነኝ። ሰሞኑን አንድ እንግዳ ይዤ ወደ ዘጌ ስሄድ ስልኬ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። «ቆይ፣ ሎግ ኢን ላድርግ» አልኩት። ሳቅ ብሎ «ሎግ እኮ ግንድ ነው፤ ነገሩ የመጣው ከመርከብ ነው» አለኝ። የቀለደብኝ መሰለኝ። ግንድና ኢሜይልን ምን አገናኛቸው? ደግሞስ «ሎጊንድ» ነው የሚባለው «ሎግድ ኢን»?

መልስ፦ አልቀለደብህም ወንድሜ፣ እውነቱን ነው።

ሎግ ግንድ ወይም ጉማጅ እንጨት ነው። የድሮ መርከበኛ ፍጥነቱን የሚነግረው መሣሪያ አልነበረውም። አንተ ወደ ዘጌ ስትሄድ ዳር ዳሩን እያየህ «ደረስን» ትላለህ፤ እሱ ግን ዙሪያውን ውሃ ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ገመድ ያሰረበትን እንጨት ከመርከቡ ኋላ ይጥላል። በኋላ ዘመን እንጨቱ የሩብ ክብ ቅርጽ ያለው ጣውላ ሆነ፤ ውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ክቡ ጠርዝ ላይ እርሳስ፣ ማለትም ከባዱ ብረት፣ ይደረግበታል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ውሃው ይይዘዋል። እሱ ባለበት ይቀራል፣ መርከቡ ጥሎት ይሄዳል፣ ገመዱም እየተተረተረ ይወጣል። ገመዱ ላይ በየ14.4 ሜትሩ ቋጠሮ አለ። አንዱ መርከበኛ የ28 ሰከንድ የአሸዋ ሰዓት ይገለብጣል፣ ሌላው በእጁ ውስጥ የሚያልፈውን ቋጠሮ ይቆጥራል። አሸዋው እስኪያልቅ 5 ቋጠሮ ካለፈ መርከቡ በሰዓት 5 የባሕር ማይል ይሄዳል፤ በኛ ስሌት 9 ኪሎ ሜትር ከምናምን መሆኑ ነው። የመርከብ ፍጥነት ዛሬም በ«ኖት» የሚነገረው ለዚህ ነው። ኖት ማለት ቋጠሮ ነው።

(እኔም አንድ ቀን ጣና ላይ በሲባጎና በደንገል ቁራጭ ሞክሬው ነበር። ደንገሉ እንደ ታንኳ ተንሳፎ እየተንሸራተተ ከኋላችን ተጎተተ። እርሳሱ ለምን እንዳስፈለገ ያን ጊዜ ገባኝ።)

የተቆጠረው ቋጠሮ ከነሰዓቱ ይጻፋል። የሚጻፍበት ደብተር «ሎግ ቡክ» ተባለ፤ የግንዱ መዝገብ እንደማለት። ቆይቶ ደብተሩ ራሱ ባጭሩ ሎግ ሆነ፣ መመዝገብም ሎግ ማድረግ ተባለ። እንጨቱ ተረሳ፣ ስሙ ቀረ። የኛስ «መዝገብ» ቢሆን? በግዕዝ ሀብት፣ የሀብት ማከማቻ ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ስንል የቃላት ግምጃ ቤት ማለታችን ነው። ዛሬ ግን «መዝገብ ቤት ሂድ» ስትባል ወርቅ አይታይህም፤ ፋይሌ ባይጠፋ ብለህ ትሳላለህ እንጂ።

ኮምፒውተር ጋ የደረሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ በተባለው ተቋም አንዱን ትልቅ ማሽን ብዙ ሰው በየፊናው ሆኖ የሚጠቀምበት ሲቲኤስኤስ የሚባል ሥርዓት ተሠራ። የማሽን ጊዜ ውድ ስለነበር ማን ገባ፣ ስንት ደቂቃ ሠራ የሚለው መያዝ ነበረበት። ተጠቃሚው ሥራ ሲጀምር «ሎጊን» ብሎ ይጽፋል። ራስህን መዝገቡ ላይ አስፍረህ ግባ፣ ነው ነገሩ።

ከዚህ የሚያስቀው ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1969 የኢንተርኔት መነሻ በሆነው አርፓኔት ላይ የመጀመሪያው መልእክት ሲላክ፣ ሎስ አንጀለስ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሊጻፍ የታሰበው ቃል ይኸው «ሎጊን» ነበር። «ኤል» ደረሰች፣ «ኦ» ደረሰች፣ ሲስተሙ ተዘጋ። ያኔም ሲስተም ይሄድ ነበር ማለት ነው። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ተሳካላቸው።

ሁለተኛው ጥያቄህ አጭር ነው። ግሱ ሎግ ነው፣ ኢን ተከታይ ነው፤ ያለፈ ጊዜ የሚያሳየው ምልክት የሚገባው ግሱ ላይ ነው። ስለዚህ «ሎግድ ኢን»። በኛ «ቁጭ አለ» እንደምንለው ውሰደው፦ ቁጭ አልኩ፣ ቁጭ አለች፣ ቁጭ አሉ። የሚለዋወጠው «አለ» ነው፣ ቁጭ ንቅንቅ አይልም። ልዩነቱ በኛ ግሱ ኋላ፣ በነሱ ፊት መምጣቱ ነው። በእንግሊዝኛ ስትጽፍ ግስ ሲሆን ለያይተው፤ እንደ «ሎጊን ፔጅ» ስም ሲሆን ግጠመው። በአማርኛ «ሎጊን አደረግኩ» ብትል ግን ማንም አይቆጣህም፣ እኔም የምለው እንደዚያው ነው።