«ር»ን የሚጠራውና የሚውጠው፤ ስለ እንግሊዝኛ ዘዬዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የለንደን ሰው «ካር» ለማለት «ካ» ይላል፤ አሜሪካዊው ግን «ር»ን ይጠራታል። የቀድሞው የትኛው ነው?

መልስ፦ የሚጠራው ነው። ብዙ ሰው እንግሊዝኛን ያበላሹት አሜሪካውያን ናቸው ብሎ ያምናል፤ በዚህ ጉዳይ ግን የተለወጠው የደቡብ እንግሊዝ ሰው ነው። በቃል መጨረሻ ላይ ያለችው «ር» ከለንደን አነጋገር እየጠፋች የሄደችው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። ስኮትላንድና አየርላንድ ዛሬም ይጠሯታል።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሁሉም ይጠራታል?

መልስ፦ አይደለም፤ በቦስተንና በኒውዮርክ ነባሩ አነጋገር ይውጣታል። በ1962 እ.ኤ.አ. ዊልያም ላቦቭ የተባለው የቋንቋ ምሁር በኒውዮርክ ሦስት ትልልቅ መደብሮች ገባ፤ አንዱ የሀብታም፣ አንዱ የመካከለኛ፣ አንዱ የዝቅተኛ ኑሮ ሰዎች የሚገበዩበት። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ዕቃ የት እንደሚገኝ ሻጮቹን ይጠይቃል፤ መልሱ «ፎርዝ ፍሎር» ነው፤ ሁለት «ር» አለው። ከዚያ ያልሰማ መስሎ ያስደግማቸዋል። «ር»ን አብዝተው የጠሩት የውዱ መደብር ሻጮች ሆኑ፣ በርካሹ መደብር የጠሯት ጥቂት ነበሩ። በዚያው ዘመን በለንደን ግን «ር»ን መዋጥ የተማረ ሰው ምልክት ነበር። አንዱ ድምፅ እዚህ ያስከብራል፣ እዚያ ያስንቃል፤ ፍርዱ ያለው በሰሚው ዘንድ ነው። ስለ ዘዬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን ጥናት ሳልነግረው አላልፍም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ውሃ ለማዘዝ «ዋተር» ስል አስተናጋጇ አልገባትም።

መልስ፦ አሜሪካውያን በሁለት አናባቢዎች መካከል የምትገባውን «ት» በምላስ ጫፍ ፈጥነው መታ አድርገው ያልፏታል። የሚወጣው ድምፅ «በረዶ» ስንል ከምንሰማው «ር» ጋር እጅግ ይቀራረባል። ስለዚህ «ዋረር» ይበሉ፤ የመጨረሻዋን «ር» ግን ምላስዎ ላንቃዎን ሳይነካ ያውጧት። ለንደን ከሄዱ ደግሞ ብዙዎች ያችኑ «ት» ጉሮሯቸው ውስጥ ሲያስቀሯት ይሰማሉ።

ጥያቄ፦ በሊድስ ከተማ «ካፕ»ን (ኩባያን) «ኩፕ» ሲሉ ሰማሁ። ስህተት ነው?

መልስ፦ በፍጹም። ሰሜን እንግሊዝ ነባሩን አናባቢ ይዞ ቆየ፤ ደቡቡ ለወጠው።

ጥያቄ፦ «ታንክ ዩ» ስል ይስቁብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይጨነቁ፤ በቃሉ መጀመሪያ ያለውን፣ በ«th» የሚጻፈውን ድምፅ በአየርላንድም ብዙ ሰው በ«ት» ይለዋል፤ በለንደን በ«ፍ» የሚለውም ብዙ ነው። ልፋትዎን ለአናባቢ ያድርጉት። አማርኛ «ገና» የሚለውን በዓልና «ገና ነው» የምንለውን የሚለየው «ና»ን በማጥበቅና በማላላት ነው፤ ጆሯችን የሰለጠነው በተነባቢ ነው። እንግሊዝኛ ግን መርከብንና በግን በአናባቢ ይለያል፦ ለመርከብ «ሺፕ» አጭርና ላላ ያለ ነው፣ ለበግ «ሺይፕ» ረዘም ብሎ ከንፈርን ወደ ጎን ይስባል። እነዚህን ሁለቱን እያፈራረቁ ጮክ ብለው ይለማመዱ፤ ቀጥሎም «ሊቭ» እና «ሊይቭ»ን፣ ማለትም መኖርንና መሄድን ይያዙ።