አደይና ጥቁር ድንጋይ ሥራ ያስገኛሉ ወይ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የፋሽን ዲዛይን ተመራቂ ተማሪ ነኝ። አመሻሽ ላይ በሰፈራችን ስዘዋወር አበባና ድንጋይ ፎቶ ማንሳት እወዳለሁ። ከእነሱ እየተነሳሁ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሜ የአልጋ ልብስ መስፋት ጀምሬአለሁ። እናቴ «ድሪቶ ልትሰፊ ነው የተማርሽው?» ትለኛለች። ይሄ ሥራ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ ዘንድሮ ግን ደሞዝ አይሆንሽም። ስለዚህ ሥራ ማመልከትሽን አታቁሚ። በተለይ የልብስ ፋብሪካ ሳምፕል ክፍል፣ ማለትም ናሙና የሚሰፋበትን፣ ሞክሪ። ንድፍ ወደ ጨርቅ ሲሄድ የት ላይ እንደሚበላሽ የሚታየው እዚያ ነው።

የላክሻቸውን ፎቶዎች አየኋቸው። አደዩን ተይው። መስከረም ሲጠባ አደይ ያልታተመበት ነገር የለም፤ ካርዱም፣ ቀሚሱም፣ ማስታወቂያውም። እኔን የሳበኝ ጥቁሩ ድንጋይ ነው። የእናንተ አካባቢ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነው የቀለጠው ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የታፈነው ጋዝ አረፋ ስለሠራ ነው። ከላዩ ደግሞ የድንጋይ ሽበት፣ ግራጫውም ብርቱካናማውም፣ ተለጥፎበታል። ቀለሞቹ እንዴት እንደተስማሙ አየሽ?

ቅርጹን ግን አትገልብጪ። መጠኑን ቁጠሪ። ፎቶው ላይ አግድም 10፣ ቁልቁል 10 ሣጥን አስምሪ። ከ100ው ስንቱ ጥቁር፣ ስንቱ ግራጫ፣ ስንቱ ብርቱካናማ ነው? ጨርቁን በዚያው ልክ ቁረጪ። ብርቱካናማው 4 ከሆነ 4 ይሁን፤ ስላማረሽ ብቻ 20 አታድርጊው። ድንጋዩን ያሳመረው የብርቱካናማው ማነስ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 1.5 በ2 ሜትር የሆነ አልጋ ልብስ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ካሬ ሲሰፋ 300 ቁራጭ ይፈልጋል። ለስፌት በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተይለት። ቁርጥራጩን በነፃ ብታገኚው እንኳ ሰዓትሽ ነፃ አይደለም። የመቁረጡን፣ የመስፋቱን፣ የመተኮሱን ሰዓት ጻፊ። አለበለዚያ አንዱ የሎጅ ባለቤት «ስንት ነው?» ሲልሽ በግምት ትናገሪና ትከስሪያለሽ። ጥጡን ሳትቆርጪ በፊት ደግሞ እጠቢው፤ ይሰበሰባል፣ ቀለምም ይለቃል። ጥቁሩ ብርቱካናማው ላይ ከለቀቀ ደንበኛሽ ተመልሶ አይመጣም።

ፖርትፎሊዮሽ (ለቀጣሪ የምታሳዪው የሥራ ስብስብ) ላይ ፎቶውን፣ የቆጠርሽበትን ወረቀትና የተሰፋውን ናሙና ጎን ለጎን አድርጊ። ቆንጆ ፎቶ ቀጣሪው ሞልቶታል። እሱ ማየት የሚፈልገው ከድንጋዩ ተነስተሽ ጨርቁ ጋ እንዴት እንደደረስሽ ነው። ሦስት ሥራ ይበቃል። አሥር ካደረግሽው ማንም እስከ መጨረሻው አያገላብጠውም።