አንድ ሥዕል ፊት አርባ ደቂቃ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ሙሉ ሕንፃ ስሠራ የኖርኩ ጡረተኛ መሐንዲስ ነኝ። ስለ ሥዕል ልጽፍላችሁ ስነሳ የልጅ ልጄ ሳቀችብኝ። «አባባ፣ አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?» አለች። እውነቷን ነው፤ የገባኝ በስተርጅና ነው። እናንተ ያን ያህል እንዳትቆዩ ብዬ ነው የምጽፈው።

ፍሎረንስን መጀመሪያ ያየኋት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። መሥሪያ ቤቴ ለአጭር ሥልጠና ጣልያን ልኮኝ አንድ ነፃ ቀን አገኘሁ። በዚያች ቀን በሩጫ ያልገባሁበት ሙዚየም፣ ያልረገጥኩት ቤተ ክርስቲያን የለም ማለት ይቻላል። አንገቴ ላይ ካሜራ፣ እጄ ላይ ካርታ። ሁለት ጥቅል ፊልም ጨረስኩ። አዲስ አበባ ተመልሼ ሳሳጥበው ግማሹ ጨለማ፣ ግማሹ የሰው ጀርባ ሆኖ አረፈው። ምን አየህ ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ቀኑን የሚያስታውሰው እግሬ ብቻ ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። አውሮፓ የምትኖረው ልጄ ወሰደችኝ። ጉልበቴ ስለማይረዳኝ «አንድ ቦታ ብቻ ምረጪልኝ» አልኳት። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ወዳለው ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን አስገባችኝና በስተግራ ባለው ግድግዳ ፊት አቆመችኝ። የጣልያናዊው ሠዓሊ የማሳቾ «ሥላሴ» ነው። ወደ 1427 ገደማ የተሣለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) አርባ ደቂቃ ቆየሁ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሥዕል መሆኑም አልታየኝም። ግድግዳው ተቦርቡሮ ከጀርባው ቅስት ጣሪያ ያለው ክፍል የተሠራ መሰለኝ። የጣሪያውን አራት ማዕዘን ጉድጓዶች መቁጠር ጀመርኩ፤ የሙያ አመል ነው። ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር እያነሱ፣ እየጠበቡ ይሄዳሉ። መስመሮቹን በዓይኔ ተከተልኳቸው። ሁሉም ከመስቀሉ ግርጌ፣ ቆሞ በሚያይ ሰው ዓይን ትክክል ይገናኛሉ። ያኔ ገባኝ። ልጁ ሥዕሉን ሲያወጣ እኔ የቆምኩበትን ቦታ አስቦ ነው።

ልጁ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ማሳቾ 27 ዓመት ሳይሞላው በ1428 ሞቷል።

ከዚያ ጠጋ አልኩ። ሥዕሉ ፍሬስኮ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የሚሣለው በእርጥብ ኖራ ልስን ላይ ነው። ኖራው ሲደርቅ ቀለሙን ይዞ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ስለዚህ ሠዓሊው በዚያ ቀን የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይለሰንለታል፤ የተረፈው ልስን ተፍቆ ይጣላል። ዓይናችሁ ከለመደ የአንዱ ቀን ሥራ ከሌላው ቀን የሚገናኝበትን መስመር ታያላችሁ። ፊት ትንሽ ቦታ ይዞ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ሰማይ ሰፊ ሆኖ ቶሎ ያልቃል። እኔ ለሥዕል ባይሆን ለልስን አዋቂ ነኝ፤ ግን ልስን ሰዓት እንደሚቆጥር ያየሁት እዚያ ነው።

የፍሎረንስ ካቴድራልን ጉልላት ነገር ሳላነሳ ካለፍኩ የሙያ ጓደኞቼ አይምሩኝም። የሠራው ብሩኔለስኪ መጀመሪያ ወርቅ አንጥረኛ ነበር። በ1401 ለነሐስ በር በተደረገው ውድድር ጊቤርቲ በሚባል ሌላ አንጥረኛ ተሸንፏል። በኋላ ከ1420 እስከ 1436 የካቴድራሉን ጉልላት ያቆመው ከታች የሚደግፍ የእንጨት ቅስት ሳይተክል ነው። ጉልላቱ ድርብ ነው፤ ጡቡም እንደ ዓሣ አጥንት ተሰካክቶ እየተያያዘ ወጥቷል። 463 ደረጃ ወጥታችሁ በሁለቱ ጉልላቶች መካከል ማለፍ ትችላላችሁ። እኔ አልወጣሁም። እናንተ ውጡ።

ወደ ሥዕሉ ልመለስ። ከምሰሶዎቹ ውጭ፣ ግራና ቀኝ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተንበርክከዋል። ቅዱሳን አይደሉም። ሥዕሉን ያሠሩት ባለገንዘቦች ናቸው ይባላል። መጀመሪያ ደፋሮች ብዬ ታዘብኳቸው። ከዚያ ጣና፣ ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ትዝ አለችኝ። እዚያም እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። በሦስት መቶ ዓመት ልዩነት ያው ልመና፣ ያው ወጪ። ከዚያ ወዲህ ሥዕል ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ከፈለ? ከፋዩ የት ቆመ?» ብዬ ነው። ብዙ ነገር ይከፍትልኛል። እናንተም ሞክሩት።

አንድ ነገር ግን አደራ። የነሱን ርቀትና ጥልቀት አይታችሁ የኛን ሥዕል «ገና ያልደረሰ» አትበሉት። እኔ ብዬ አውቃለሁ፤ አሁን አፍርበታለሁ። የኛ ሠዓሊ ክፍል ሊያሳያችሁ አልፈለገም። ቅዱሱ ትልልቅ ዓይኖቹን ከፍቶ እንዲያያችሁ ነው የፈለገው። ሥራው ሌላ ነው። ደግሞ ሁለቱ ጭራሽ ሳይተዋወቁ የኖሩ አይምሰላችሁ። ብራንካሊዮን የሚባል ቬኒሳዊ ሠዓሊ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አገራችን ገብቶ ለነገሥታቱ ሲሥል ኖሯል። በ1520 ፖርቱጋሎች ሲመጡ እዚሁ አርጅቶ ነው ያገኙት። ሕፃኑን በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ አድርጎ ቢሥል ሕዝቡ ተቆጣ ይባላል። ግራ እጅ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ለእሱ ግን በአገሩ የለመደው አቀማመጥ ነው። አንድ ሥዕል፣ ሁለት ንባብ።

ከዚያም በፊት የኛ ሰዎች ፍሎረንስ ደርሰዋል። በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የተላኩ መነኮሳት፣ ዲያቆን ጴጥሮስ የሚባል መሪያቸው ሆኖ፣ አብያተ ክርስቲያናትን አንድ ለማድረግ ለተጠራው ጉባኤ ሄደው ነበር። የሮማው ጳጳስ አውግንዮስ 4ኛ በዚያን ጊዜ የሚኖረው እዚያው ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ነበር። ጉልላቱ ካለቀ አምስት ዓመቱ፣ «ሥላሴ» ከተሣለ አሥራ አራት ዓመት ገደማ። መነኮሳቱ ያችን ግድግዳ አይተዋት ይሆን? ማስረጃ የለኝም። አዩዋት ብዬ ማሰብ ግን ደስ ይለኛል። እንደ እኔ ጣሪያውን አልቆጠሩም። ምናልባት ተሳለሙና አለፉ።

ሮም ያላችሁ ልጆች ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ መካከለኛው የነሐስ በር በ1445 ያለቀ የቀራጺው የፊላሬቴ ሥራ ነው። ትልልቆቹን ሥዕሎች ተዉአቸው። በመካከላቸው ያሉትን ጠባብ ሰቆች እዩ። ከግብፅና ከኢየሩሳሌም ለጉባኤው የመጡት እንግዶች እዚያ ተቀርጸዋል፤ የኛዎቹም አብረው አሉ። ቁመታቸው ትንሽ ነው፤ ጎንበስ ማለት ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። ከኋላ ሰልፉ ይገፋችኋል፣ ጥበቃው ቶሎ እለፉ ይላል። ወደ ጎን ወጣ በሉና ቀስ ብላችሁ ፈልጓቸው።