ቀረጡን ገዢው ከከፈለ ገበሬው ለምን ይከስራል?

ወንድማችን የጠየቀው «ቻይና በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ ቀረጥ ስትጥል ከፋዩ ቻይናዊው አስመጪ ነው፤ ታዲያ የአሜሪካ ገበሬ ለምን ይጎዳል? የብራዚል ዋጋስ ለምን ይወደዳል?» ብሎ ነው። ጉምሩክ ሄዶ የሚከፍለው አስመጪው መሆኑ እውነት ነው። ጫናው በማን ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው ግን አስመጪው ሌላ ሻጭ ማግኘት አለማግኘቱ ነው።

በቁጥር እንየው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 2018 ቻይና በመደበኛው 3 በመቶ ላይ 25 ጨመረች፤ የአሜሪካው 28 ሆነ፣ የብራዚሉ እዚያው 3 ላይ ቀረ። የብራዚል አኩሪ አተር ቻይና ወደብ በቶን 400 ዶላር ደረሰ እንበል፤ ከነቀረጡ 412 ነው። የአሜሪካው ከዚህ እኩል እንዲሆን 412ን ለ1.28 ስናካፍል 322 ዶላር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ 78 ዶላር ነው፤ አንድ ቶን 36.74 ቡሼል ስለሆነ በቡሼል 2.12 ዶላር ግድም ማለት ነው። በዚያ ዓመት መኸር የብራዚል ዋጋ ከቺካጎው፣ ማለትም የአሜሪካ እህል ዋጋ ከሚወሰንበት ገበያ፣ ከ2 ዶላር በላይ የራቀው ከዚህ የተነሳ ነው። ልዩነቱ የተሞላው ከሁለቱም ወገን ነው፤ ብራዚል ወጣ፣ አሜሪካ ወረደ። የረከሰውን እህል አውሮፓና ሌሎች ገዢዎች አነሱት፤ ድርቅ የመታት አርጀንቲና ሳትቀር ለመጭመቂያ ፋብሪካዎቿ ከአሜሪካ ገዛች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የቺካጎን ዋጋ ብቻ ሲያይ ነው። ገበሬው የሚሸጠው በአቅራቢያው ያለው የእህል ጎተራ በሚሰጠው ዋጋ ነው፤ በዚያ ዋጋና በቺካጎው መካከል ያለው ልዩነት ቤዚስ ይባላል። ሰሜን ዳኮታ አኩሪ አተሩን በባቡር ወደ ምዕራብ ጠረፍ ወደቦች የሚልከው በአብዛኛው ለቻይና ነበር። ቻይና ስትቀር እህሉ ሌላ ገዢ ፍለጋ ረጅምና ውድ መንገድ መሄድ ነበረበት፤ ጎተራዎቹም ያንን ወጪ ከገበሬው ዋጋ ላይ ቀነሱ። ለምሳሌ ቺካጎ 8.50 ሆኖ ቤዚሱ ከሥሩ 1.75 ከሆነ እጅ የሚገባው 6.75 ነው። በቺካጎ ገበያ በሚገባ የወደፊት ውል ዋጋውን ያሰረ ገበሬም ከዚህ አያመልጥም፤ ውሉ የሚከላከለው የቺካጎን መውረድ ብቻ ነው። ቤዚሱን ማሰር የሚቻለው ከጎተራው ጋር አስቀድሞ በመዋዋል ነው።

«ዋጋው እስኪመለስ ያስቀምጠው» የሚለው ምክርም ወሰን አለው። አኩሪ አተር ቅባት ስላለው እንደ በቆሎ ሜዳ ላይ ተከምሮ አይቆይም። እርጥበቱ 13 በመቶ ከሆነ ስድስት ወር ያህል ይቀመጣል፤ ከዓመት በላይ ለማቆየት ወደ 11 መውረድ አለበት። ካልሆነ ይሻግታል፣ ጎተራውም ዋጋ ይቀንስበታል ወይም ይመልሰዋል።

ባሕር ላይ ያለ ጭነት ደግሞ የባሰ ነው። ፒክ ፔጋሰስ የምትባል መርከብ 70 ሺህ ቶን ገደማ አኩሪ አተር ጭና ቀረጡ ሳይጀምር የቻይናው ዳሊያን ወደብ ለመድረስ ስትከንፍ በሰዓታት ዘገየች፤ አንድ ወር ያህል ባሕር ላይ ስትዞር ቆይታ ኦገስት ውስጥ አራገፈች። በሽያጭ ውል ላይ «ከተፈረመ በኋላ የሚመጣ ቀረጥ የማን ነው?» የሚለው በግልጽ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በዚያ ዓመት ለአኩሪ አተር በቡሼል 1.65 ዶላር ሲደጉም ለበቆሎ የሰጠው 1 ሳንቲም ነው። በቆሎ አገር ውስጥ መኖና ኤታኖል ይሆናል፣ ሜክሲኮና ጃፓንም ይገዙታል፤ በአንድ ገዢ ላይ አልተንጠለጠለም። ድጎማው ገንዘብ ተካ እንጂ ደንበኛ አልመለሰም። በ2025 መጨረሻ ሁለቱ አገሮች ከስምምነት ከደረሱ በኋላ እንኳ ቻይና በአሜሪካው ላይ የምታስከፍለው ቀረጥ 13 በመቶ፣ በብራዚሉ 3 ስለነበር በራሱ ገንዘብ የሚገዛ የቻይና የግል ዘይት ጨማቂ ብራዚልን ቢመርጥ አያስገርምም።

አንተ ከፓዌ ወይም ከጃዊ ሰብስበህ ወደ ውጭ የምትልክ ከሆነ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ገዢ የቺካጎን ዋጋ ይዞ ሲመጣብህ አትቀበል፤ ያ ዋጋ ቀረጥ የተጫነው የአሜሪካ እህል ዋጋ ነው። በብራዚል ፓራናጓ ወደብ ያለውን የመርከብ ላይ ዋጋ ጠይቅ፣ እስከ ገዢው ወደብ ያለውን ማጓጓዣ ደምር፣ ከዚያ የአንተን ማጓጓዣ ቀንስ። ድርድርህን ከዚያ ቁጥር ጀምር።